ደንገሉ ከላይ ነው ከታች?

ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ድንጋይ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ይነሣል። መጣሁ፣ ደረስኩ አይልም፤ በአንድ ጊዜ የድንኳኑን ሸራ ይወጥርና የመጻሕፍቱን ሽፋን ሁሉ ገልጦ፣ ገጹን እያገላበጠ ማንበብ ይጀምራል። ሻጮቹ የወንዝ ድንጋይ፣ የጡብ ስባሪ፣ አንዷማ ከቤቷ ያመጣችውን ዘነዘና ሳይቀር መጽሐፍ ላይ ይጭናሉ። ባለፈው ቅዳሜ በሐይቁ ዳር በተዘጋጀው የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ከሰው ይልቅ ነፋሱ ብዙ መጽሐፍ ገለጠ ብል ሐሜት ይሆንብኛል፤ እውነትነቱ ግን አይቀርም።

የሄድኩት ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቱን ለማየትና ስለ ጣና የሚሰጥ አንድ የሳይንስ ገለጻ ለመስማት። በር ላይ በታደለን ወረቀት ሽልማቱ በ8 ሰዓት፣ ገለጻው በ10 ሰዓት ተብሏል። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው እዚህ አገር ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ አልመሰለኝም። የክብር እንግዶቹ ተሟልተው ሲቀመጡ 9 ሰዓት አልፏል፤ ንግግሩ ተጠናቆ ዋንጫው ከሳጥኑ ሲወጣ ለ10 ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አንድ ዓይኔን መድረኩ ላይ፣ ሌላውን ሰዓቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

የመቀመጫው አደራደር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከፊት ቡናማ ሶፋ፣ በየሶፋው ፊት የታሸገ ውኃና የፕላስቲክ አበባ። ከሶፋው ኋላ ጨርቅ የለበሰ ወንበር። ከዚያ ኋላ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከዚያም ሣሩ። ደራስያኑ የተቀመጡት ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ አንባቢ የተባልነው ሣሩ ላይ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ «አንባቢ ትውልድ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደሚያነሣ መቁጠር ጀምሬ 9 ላይ ስደርስ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ሰውየው ድምፅ ማጉያው መዘጋቱን ሳያውቁ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ያልሰማነውን አጨበጨብንላቸው።

ሦስተኛው ተጠራ፣ ሁለተኛው ተጠራ፣ ከዚያ አንደኛው። አንደኛ የወጣው የአንድ ወጣት የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። ስሙ ሲጠራ ጥበብ ቀሚስ የለበሱ ሴት፣ እናቱ ይመስሉኛል፣ ከፕላስቲኩ ወንበር ብድግ ብለው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ውኃው ዳር የነበሩት ወፎች ሳይቀሩ ተነሡ። ያን እልልታ የሰማ ሰው ሽልማት ከንቱ ነው ብሎ አይከራከርም፤ እኔም አልከራከርም። ከደመወዙ ቆርጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ለማተሚያ ቤት የከፈለ ሰው አንድ ቀን በአደባባይ ስሙ ሲጠራ ማየት ደስ ይላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይሰጥ የነበረው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1966 ለጸጋዬ ገብረ መድኅን ሲሰጥ ባለቅኔው ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣትን በጊዜው «አይተንሃል» ማለት ዋጋ አለው።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ወይም ያልሆነው ነው። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወጥተው አንድ ዐረፍተ ነገር ከወረቀት አነበቡ። መጽሐፉ «በቋንቋ አጠቃቀሙ፣ በታሪክ አወቃቀሩና በጭብጡ ብልጫ ያለው ሆኖ በመገኘቱ» ተሸለመ። ይህ ዐረፍተ ነገር ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል፤ ኮት ቢሆን ኖሮ ከተማው በሙሉ ይለብሰው ነበር። ከመጽሐፉ አንዲት አንቀጽ አልተነበበችም። ታሪኩ የት እንደሚጀምር፣ ከእጩዎቹ ሁሉ በምን እንደተለየ፣ ዳኞቹ በምኑ እንደተከራከሩ የተነገረ ነገር የለም። ከመካከላችንም እጁን አውጥቶ «ለምን እሱ?» ያለ አልነበረም። ለነገሩ ጥያቄ የሚቀርብበት ቦታ በመርሐ ግብሩ ላይ አልተያዘም። ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ሶፋው ባዶ ሆነ፣ የታሸገውን ውኃ ልጆች ወሰዱት።

መጽሐፉን ልገዛ ተነሣሁና ከድንኳን ድንኳን ዞርኩ። አንዱ ሻጭ «አልቋል» አለኝ፤ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ኅሊናው አላስችለው አለ መሰለኝ «እንዲያውም ከነጭራሹ አልመጣም» ሲል አረመው። ሌላዋ የደራሲውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ዘረጋችልኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት በመድረክ ላይ የታወጀው የከተማው ምርጥ ልብ ወለድ በከተማው የመጻሕፍት ገበያ ላይ አልነበረም።

ወደ ገለጻው ስደርስ ተጀምሯል። የተሰጠው ቦታ ከዳር ያለው ድንኳን ነው፣ የመማሪያ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ጎን። 31 ሰው ቆጠርኩ፤ ከእነዚህ 6ቱ ከፀሐይ የተጠለሉ ልጆች ናቸው። ተናጋሪው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። መብራት ስለጠፋ በኮምፒውተር ሊያሳየን ያዘጋጀውን ሥዕል ትቶታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ የውኃ ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው በንብርብር ጭቃ ተሞልቷል፤ ከታች ነጣ ያለ ደረቅ አፈር፣ ከእሱ በላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ጭራሮ የበዛበት፣ ከሁሉ በላይ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ። «ይህን ለማሳያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እውነተኛው ናሙና የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጣና አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር» ሲል ጉርምርምታ ተነሣ።

ጣና ደረቀ ማለት ለባሕር ዳር ሰው የዋዛ ነገር አይደለም። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ዳርቻ ሲወርስ ያየ፣ አረሙን በእጁ ሲነቅል የዋለ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ አይጠፋም። መምህሩ የሚያወራው ግን ስለ ሩቅ ዘመን ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። «ትሪ እንጂ ጋን አይደለም» አለ፤ ይህን አባባሉን ወደድኩለት። ትሪ ላይ ያለ ውኃ ቶሎ ይተናል። ዝናቡ ለብዙ ዘመን ካጠረ፣ የሚገባው ከሚተነው ካነሰ፣ ትሪው ባዶውን ይቀራል።

ማስረጃው ያለው ከሐይቁ ወለል ሥር ነው። ተመራማሪዎች ቱቦ ወደ ወለሉ እየሰደዱ 10 ሜትር የሚያህል ጭቃ ንብርብሩ ሳይፈርስ አወጡ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። የዘመኑ ስሌት የተሠራው በካርበን 14 ነው። ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር ይወስደዋል፤ ከሞተ በኋላ መጠኑ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረውን የለካ ሰው ተክሉ መቼ እንደሞተ ይደርስበታል። በዚህ ስሌት ጣና ከዛሬ 18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ ነበር። በዚያው ዘመን አካባቢ ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቋል፤ ነጩም ጥቁሩም ዓባይ ከምንጫቸው መንምነው ነበር ማለት ነው። ጣና ዳግም ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ጥያቄ ሲፈቀድ መጀመሪያ የተናገሩት ከኋላ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ቱቦውን በጣታቸው እያመለከቱ «አንተ ልጅ» አሉ፤ «ደንገሉ ከላይ ነው ከታች?»

መምህሩ አልገባውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም።

«ጥቁሩ የደንገል ቅሪት ነው አላልክም? እኔ ደንገል ሳጭድ ነው ያረጀሁት፤ ታንኳ እሠራለሁ። ደንገል ጥልቅ ላይ አይቆምም፣ ደረቅ ላይም አይቆምም። ውኃ ሲሸሽም ሲመለስም ከዳር ከዳር የሚሄደው እሱ ነው። ከደረቁ አፈር በታች ከሆነ ሐይቁ ሲሸሽ የበቀለ ነው። ከላይ ከሆነ ሲመለስ ነው። የትኛው ነው?»

መምህሩ ቱቦውን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን፣ አቅፎ ወደ ሽማግሌው ወሰደው። «ከላይ ነው አባቴ። ከደረቁ አፈር በላይ፣ ከሐይቁ ጭቃ በታች።»

«እንግዲያው ሲመለስ ነዋ።»

«ሲመለስ ነው።»

ሽማግሌው ከጥቁሩ ሽፋን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱና «ይኼ እንኳ የዘንድሮ ደንገል ነው» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም እየሳቀ፣ ማሳያውን ለመሥራት በዚያው ሳምንት ከሐይቁ ዳር እንደለቀመው አመነ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ያሰብኩት ስለ ጥያቄው ነው። ሽማግሌው «ይህን እንዴት ትላለህ?» ብለው አልተቆጡም፤ «እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» ብለውም አልተዉትም። የሚያውቁትን ይዘው መጡ፣ በሚያውቁት ለኩት፣ የትኛው መልስ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ተናገሩ፣ ከዚያ ጠየቁ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ አለ ይባላል፤ እኔ ከሁለት ዲግሪ በኋላም በደንብ አልያዝኩትም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች፣ 13 ወይም 14 ዓመት የሚሆናት ልጅ «ሐይቁ ከደረቀ ዓሣዎቹ የት ነበሩ?» አለች። መምህሩ ፈገግ አለ፤ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። እኛ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠብሰው ለአጥኚዎቹ 15 ያህል ዝርያ ነው። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ዓሣ አዳኝ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ ነው። ከታች ደግሞ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ጢስ ዓባይ ከሌላው የዓባይ ዓሣ ለይቷቸዋል፤ በዚያ ላይ ዋኝቶ የሚወጣ የለም። ታዲያ ከየት መጡ? ወይ ሐይቁ ከተመለሰ ወዲህ ባሉት 15,000 ዓመታት ውስጥ ከወንዝ ዓሣ ተከፋፍለው በዝተዋል፤ ይህ ከሆነ በፍጥረት የዘመን ቆጠራ የዓይን ጥቅሻ ነው። ወይም ቀድሞ የተለያዩት በድርቁ ዘመን ገባር ወንዞቹ ውስጥ ተጠልለው ቆይተዋል።

«እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ» አለ መምህሩ። «ነገር ግን የዘር ምርመራው ዝርያዎቹ ከድርቁ በፊት እንደተለያዩ ካሳየኝ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ልጅቷ ጻፈችው። እኔም ጻፍኩት። በዚያ ቀን ከተናገሩት ሰዎች ሁሉ ምን ቢያይ ሐሳቡን እንደሚለውጥ የነገረን እሱ ብቻ ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ከርእሱ ወጣ ብለው፣ ልጆቻቸው ሐይቁ ዳር እየዋኙ ቢልሃርዝያ እንደያዛቸው አነሡ። መምህሩ «ሙያዬ አይደለም፣ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው» ካለ በኋላ የአክሊሉ ለማን ታሪክ አወራ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሌላው ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ያየው አረፋ ነው። እሳቸው ምርምራቸውን ከዚያ አነሡ፤ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚሁ ሥራ ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ «እንዶድማ እናቴ ጓሮ ነበር» ብለው ለጎረቤታቸው ሹክ አሉ። ድንኳኑን ሻጮቹ ካላፈረሱብን በቀር የሚነሣ ሰው አልነበረም፤ እነሱም 12 ሰዓት ላይ ማፍረስ ጀመሩ።

ዘንባባዎቹን ተከትዬ ወደ ቤቴ ስሄድ የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ።

አባቴ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሯል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ የውሻ ንክሻ ጠባሳውን እስከ ዕለተ ሞቱ እያሳየን የኖረ ሰው ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ ነገራ አለ፤ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል። ካማረ «ይበል!» ይባልለታል። ካላማረ ምክንያቱ እዚያው ይነገረዋል፤ ይህ ቤት አልመታም፤ ይህ ቃል ለሰሙ ይሁን እንጂ ለወርቁ አልተስማማም፤ ይህን ምሥጢር ትናንት እገሌ ነግሮታል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ በየደረጃው በሰው ፊት እየተመዘነ ነው። ዳኛውም ያለ ፈተና አያልፍም፤ ያለ ምክንያት «ይበል» ያለ መምህር በተማሪዎቹ ዘንድ ወሬው ቶሎ ይወጣል።

አባቴ መወድስ አልደረሰም፤ ሥላሴ ላይ ቆመ። አንድ ማታ የተናገረውን ሰምተው መምህሩ «ሰሙ ወዲህ፣ ወርቁ ወዲያ፤ ድልድዩ የታለ?» አሉት። ተማሪው ሳቀ። አባቴ በማግሥቱ አኩፋዳውን አንሥቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። ስለዚህ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ማር ወለላ አድርጌ ላቀርበው አልችልም፤ በእኛ ቤት አንድ ሰው ሰብሯል። የሚገርመው ግን ይህን ታሪክ በየፋሲካው ሲያወራ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ቅኔውን በቃሉ ይለዋል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ልክ ነበሩ፤ ድልድይ የለውም» ይላል። ተሳቀብኝ ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ተበደልኩ ሲል ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። የወደቀበትን ስፍራ በጣቱ ማሳየት ይችል ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የግጥም መድበል ውድድር ከ5 ዳኞች አንዱ ሆኜ ነበር። የአዘጋጁን ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት አይደለም፣ ትልቁ ድርሻም የእኔ ነው። 22 መድበል በሁለት ሳምንት አንብቡ ተባልን። ቅጽ ተሰጠን፤ ለቋንቋ 30፣ ለምሰላ 25፣ ለሐሳብ 25፣ ለአዲስነት 20። ሞልተን በፖስታ አሽገን እንመልሳለን፤ አንድ ጸሐፊ ደምሮ ለ5 ያካፍላል። ተሰብስበን ስለ አንድ ግጥም እንኳ አልተነጋገርንም፤ ይህ ለገለልተኝነት ይጠቅማል ተብሎ የታሰበ ነው።

በመጨረሻ ሁለት መድበሎች ቀሩ። አንደኛው 95፣ 92፣ 90፣ 48 እና 45 አግኝቷል። ሁለተኛው 78፣ 77፣ 76፣ 75 እና 74። ደምሩት፤ የመጀመሪያው 370፣ ሁለተኛው 380 ይመጣል። ሦስት ሰው እንቅልፍ ያሳጣው መጽሐፍ ወደቀ፤ ማንም ያልጠላው፣ ማንም ግን ያላበደለት መጽሐፍ ዋንጫውን ወሰደ። በአማካይ ሲሠራ መካከለኛው ያሸንፋል፤ ይህ ክፋት ሳይሆን የስሌቱ ጠባይ ነው። አሁን ያ ያሸነፈው መድበል ስለ ምን እንደነበር ብጠየቅ አላስታውስም።

45 የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ለምን ቢባል፣ ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። መስመሩ ይሰበራል፤ ምጣኔው ተጀምሮ ሳያልቅ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ድልድይ በጎደለው ቅኔ የተሳቀበት ሰው ልጅ ነኝ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ እሱን ግን ቅጹ አይጠይቅም፤ መድበሉ በተራዬ 19ኛው ነበር፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 7፣ ራሴን እያመመኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ እንደገና አነበብኩት። መስመሩ የሚሰበርበት አንድ ረጅም ግጥም አለ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሌሊት ከደሴት ወደ ከተማ በጀልባ ስለማሻገር ነው። ገጣሚዋ በሙያዋ አዋላጅ ነርስ ናት። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያነሣና ሲጥለው ጮኽ ብዬ ማንበብ ሞከርኩ፤ መስመሩ የሚሰበረው ትንፋሼ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሆነ። እንግዲህ ይህን ከ5ታችን አንዱ በዚያ ውድድር ጊዜ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ፣ «የትኛው መስመር?» ቢለኝ፣ ሳስረዳው እሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ። በፖስታ የታሸገን ቁጥር ግን ማንም አይጠይቀውም።

በዓለም ላይ የከበሩትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የኖቤል ሽልማት የእጩዎቹን መዝገብ ለ50 ዓመት ይቆልፍበታል፤ ሲከፈት ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አፈር ሆነዋል። ለሳይንሳዊ ልብ ወለድና መሰሎቹ የሚሰጠው ሁጎ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ነው፤ ድምፅ የሚሰጡት የዓመታዊው ጉባኤ አባላት ናቸው፤ ከሽልማቱ በኋላ ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ ዝርዝሩ ይወጣል። ሰዉም በዝርዝሩ ላይ ሲጨቃጨቅ ይከርማል። ጭቅጭቁን እወደዋለሁ፤ ስለ መጽሐፍ ነውና።

ይህን ሐሳቤን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባነሣለት «ባሕር ዳር ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው፤ ዳኛ ምክንያቱን በአደባባይ ቢናገር በማግሥቱ ለቅሶ ቤት አብሮ መቀመጥ አይችልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ዳኛ ሆኜ በነበረበት ወቅት ገበያ ስወጣ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። ቢሆንም መምህሩ ጣና ደርቆ ነበር ያለው በጣና ዳር ሰዎች ፊት ነው። ያም ከግጥም ያነሰ ደፋር ነገር አይመስለኝም። ያዳነው ዲግሪው አይደለም፤ ቱቦውን አንሥቶ ወደ ጠያቂው መሄዱ ነው።

እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሻጮቹ ዋጋ ቀንሰዋል፣ ሶፋው ተጭኖ ሄዷል፣ መድረኩ ላይ ልጆች ይዘላሉ። ተሸላሚው ልብ ወለድ 20 ቅጂ ያህል መጥቶ አንዱ ድንኳን ውስጥ አገኘሁትና ገዛሁ። ገና 40 ገጽ ላይ ነኝ፤ እስካሁን ደኅና ነው።

የሄድኩት ግን ለእሱ አልነበረም። ያች ዘነዘና የጫነችው ሴት ገጣሚዋ ናት። ቅዳሜ ዕለት አይቻት፣ አውቄያት፣ በሌላው ረድፍ ዞሬ አልፌያለሁ። እሑድ ሳያት አጠገቧ ሰው የለም፤ ሁለት መጻሕፍት ፊቷ ደርድራ፣ በአሮጌው ላይ ዘነዘናዋን አጋድማ ተቀምጣለች። አሮጌው ያ መድበል ነው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ዋጋውን ጠይቄ፣ ያለኝን መጽሐፍ ሁለተኛ ገዛሁ። ከዚያ መልሱን እስክትቆጥር ጠብቄ፣

«በዚያ ውድድር ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩ» አልኳት። «ለዚህ መጽሐፍሽ 45 ሰጥቻለሁ። ከ100።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቀና ብላ አየችኝና እጇን ወደ ዘነዘናው ሰደደች፤ አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ደንግጫለሁ። አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ነፋሱ ወዲያው መጽሐፉን ገለጠው። ከጎኗ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር አቧራውን በእጇ አራገፈችና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይቀመጡ እስኪ» አለች። «የትኛው ግጥም ላይ ነው?»